ቆቦ በአንድ ኮምፔንሳቶ ላይ

ከሰሞኑ ወሬ ወጣ ያለ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ቀድታችሁ አንብቡት። ስለ ባቡር ነው፤ ግን ስለ ትንሹ ባቡር።

በሌላው ዓለም ጡረተኛ መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ የባንክ ሠራተኛ፣ መነጽራቸውን አድርገው ጠረጴዛ ላይ ባቡር የሚያስኬዱበት የትርፍ ጊዜ ሥራ አለ። እኛ ዘንድ እምብዛም አይታወቅም፤ ያየውም ሰው “መጫወቻ” ብሎ ያልፈዋል። ባቡሩን መጫወቻ ማለት ይቻላል። ፋብሪካ ይሠራዋል፣ በካርቶን ይሸጣል። በካርቶን የማይሸጠው መሬቱ ነው። ተራራውን፣ ወንዙን፣ ማሳውን፣ ጎጆውንና አቧራውን ሰውየው በእጁ ይሠራል። ሐዲድ ገጣጥሞ ባቡር ማስኬድ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲሆን መሬቱ ዓመታት ይፈጃል። የዚህ ሥራ ሰዎች ሲገናኙም የሚነጋገሩት ስለ ባቡሩ ፍጥነት ሳይሆን ሣሩን ከምን እንደሠሩት ነው።

እኔ እየሠራሁ ያለሁት የራያ ቆቦን ሜዳ ነው። አዲስ አበባ፣ በተከራየሁት ክፍል ውስጥ፣ ከአልጋዬ ጎን። ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጀርመን የሚኖር የአክስቴ ልጅ ያገለገለ ሎኮሞቲቭና አራት የጭነት ፉርጎ ላከልኝና ተጀመረ። የጀርመን መንደር የሚሠራበት የካርቶን ቤትም አብሮ ልኮ ነበር። ጣሪያው በረዶ እንዲያንሸራትት ተብሎ የሾለ ነው። ቆቦ ላይ በረዶ ማን አይቶ!

ቆቦን የመረጥኩት የትውልድ ቦታዬ ስለሆነች ብቻ አይደለም። ቆቦ ባቡር ይመጣልሻል ተብላ የቆየች አገር ናት። ለማታስታውሱት ላስታውሳችሁ። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልድያ አጠገብ እስካለችው ሐራ ገበያ የሚደርሰው ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መስመር በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለቱርኩ ያፒ መርከዚ ተሰጠ። ከሐራ ገበያ ወደ ሰሜን የራያን ቆላ አቋርጦ መቀሌ የሚገባውን ደግሞ የቻይና ኩባንያ ያዘው። የሁለቱም ሥራ በየካቲት 2007 ዓ.ም. ተጀመረ። የአዋሽ–ኮምቦልቻው ክፍል ሐዲዱ ተነጥፎ የሙከራ ጉዞ ከታየበት በኋላ እንኳ የኤሌክትሪክ ኃይል ሳይገባለት ቆየ። ወደ መቀሌ የሚወጣው ሳያልቅ ጦርነት መጣ። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ቆቦ ላይ እስካሁን ባቡር አላለፈም። እኔ ክፍል ውስጥም አላለፈም። ለምን እንዳላለፈ ነው የማወራችሁ።

በቁጥር ልጀምር፤ ይህ ሥራ ከቁጥር አይወጣም። የእኔ ባቡር መጠኑ 1 ለ87 ነው። የዓለም መደበኛ ሐዲድ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለ87 ሲካፈል 16.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር በዚህ ስፋት ነው የተሠራው፤ የሰሜኑም እንዲሁ ነው የታሰበው። የድሮው የለገሃር ባቡር ሐዲድ ግን አንድ ሜትር ስለነበር እሱን ልሥራ ቢል ሰው 12 ሚሊ ሜትሩን ሐዲድ መግዛት አለበት። የእኔ ገበታ አንድ ኮምፔንሳቶ ነው፤ 2 ሜትር ከ44 በ1 ሜትር ከ22። በ87 አባዙት። ርዝመቱ 212 ሜትር፣ ወርዱ 106 ሜትር ይሆናል። በቃ። ከወልድያ ቆቦ ያለውን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ልሥራ ብል 575 ሜትር የሚረዝም ክፍል መከራየት ሊኖርብኝ ነው። አከራዬ ለዚህኛውም በየስድስት ወሩ ትጨምራለች።

ተራራ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ከቆቦ በስተምሥራቅ ዞብል አለ። ከሜዳው 500 ሜትር ብቻ ከፍ ይበል ብንል እንኳ በ1 ለ87 አምስት ሜትር ከሰባ አምስት ይሆናል፤ ጣሪያውን በስቶ ጎረቤት ይገባል። በዚህ ምክንያት ዞብልን የሚሠራው ጀሶ ሳይሆን ቀለም ነው፤ ከገበታው ጀርባ ግድግዳው ላይ ይሣላል። እዚህ ላይ ምስጢሩ ማደብዘዝ ነው። ሩቅ ያለ ተራራ ሰማያዊነት ይቀላቀልበታል፣ ጥላው ይለሰልሳል። ጀማሪ ሰው ተራራውን ባወቀው ቀለም ይቀባውና ተራራው መጥቶ ማሳው ላይ ይወድቅበታል።

እንግዲህ 212 ሜትር ነው ያለኝ። ከዚያ ሁሉ ሜዳ የትኛውን 212 ሜትር?

ከተማውን ትቼዋለሁ። አስፋልቱን፣ ባጃጁን፣ የሆቴሉን በረንዳ መሥራት ደስ ይል ነበር፤ ግን ባቡር የሚያልፈው በማሳ ውስጥ ነው። ከከተማው ወጣ ያለ፣ የጎርፍ መውረጃ የሚያቋርጠው፣ በአንድ ወገን ማሽላ በሌላው ጤፍ ያለበት ቁራጭ መሬት መረጥኩ። ጀሶውን ከመለሰንኩ በኋላ ገና ቀለም ሳይነካው አጎቴ ለሕክምና ከቆቦ መጡና እኔ ዘንድ አረፉ። ዕድሜ ልካቸውን ገበሬ ናቸው። ነጩን ጀሶ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ዞሩት። እኔ “ይሄ ልጅ አብዷል” ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣

“ደጋው በየት በኩል ነው?” አሉኝ።

“እርስዎ በቆሙበት በኩል ነው፣ ጋሼ። ዞብል ግድግዳው ላይ ይሆናል።”

“እሽ። እንግዲህ ጎርፉ በኔ እግር ሥር ነው የሚመጣ።”

ከሰል ከምድጃው አነሡና ጀሶው ላይ መሥመር ይስሉ ጀመር። የራያ ሜዳ ዝናቡን ከራሱ ሰማይ ብቻ አይጠብቅም። ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደው ጎርፍ፣ በሆርማት በሉት በጎሊና በሌሎቹም ስም የለሽ መውረጃዎች፣ ደለሉን ተሸክሞ ሜዳው ላይ ይበተናል። ገበሬው ያን ጎርፍ በአፈርና በቅርንጫፍ ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባዋል። እዚያ ዝናብ ሳይዘንብ ደጋ ላይ ስለዘነበ ብቻ ማሽላ የሚጠጣበት አገር ነው። አጎቴ ዋናውን መውረጃ ሣሉ፣ መጥለፊያውን ሣሉ፣ ከእሱ የሚወጡትን ትንንሽ ቦዮች እንደ ቅጠል ሥር ዘረጉ። ቀጥሎ እኔ በካርቶን ቆርጬ ያስቀመጥኩትን የሐዲድ ሙሌት አዩት። ከደቡብ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ ጎርፉ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል።

“ይሄስ ጎርፉን የት አባቱ ግባ ሊለው ነው?”

በሙሌቱ ሥር ሁለት የውሃ መተላለፊያ ቱቦ ለመቅበር ማሰቤን ነገርኳቸው፤ የት የት እንደሚሆኑ አሳየኋቸው። ሰሙኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። “አሁን ላይ ልክ ነው። ዋናው ግን ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ክንድ ወዲህ ወይ ወዲያ ይላል። ደለል ሲሞላበት ሌላ መንገድ ያበጃል። ቱቦው አይከተለው።”

ስለየትኛውም ኩባንያ ሥራ እየመሰከርኩ አይደለም። መሐንዲስ ይህን ጥያቄ አያነሳም አልልም፤ ያነሳል፣ ስሌትም አለው። እኔን የገረመኝ ጥያቄው የተነሣበት ፍጥነት ነው። ሥዕል ማንበብ የማይችሉ ሰው ነጭ ጀሶ አይተው፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የፕሮጀክቱን ከባድ ጥያቄ ከሰል ይዘው ጻፉት። ይህን ጀሶ በ2007 ዓ.ም. ገበያ መሀል አስቀምጦ “እስኪ ከሰል አንሡ” ያላቸው ሰው ቢኖር ስንት ነገር ይገኝ ነበር!

የዚህ ሥራ አዋቂዎች አንድ ደንብ አላቸው። መሬቱ ከሐዲዱ በፊት የነበረ መምሰል አለበት ይላሉ። ኮረብታው ለባቡሩ ተብሎ የተቀመጠ ከመሰለ ሞዴሉ ሞቷል። ወንዙ በራሱ ምክንያት መፍሰስ አለበት፤ ድልድዩ ወንዙን ይከተላል እንጂ ወንዙ ድልድዩን አይከተልም። ለመልክ ብቻ የወጣ ደንብ ይመስላል። ነገር ግን ደንቡን ለመፈጸም መጀመሪያ መሬቱ ላይ ማን ምን እንደሚያደርግ፣ ውሃው የት እንደሚሄድ፣ ከብቱ በየት እንደሚሻገር ማወቅ ግድ ይላል።

አሁን ደግሞ በየዜናው የምናያቸውን ማኬቶች አስቡ። ባለሥልጣናት ከብበውት፣ አንዱ በዘንግ እየጠቆመ የሚያስረዳው፣ በመስታወት የተሸፈነው። ዛፎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ኳስ ናቸው። ወቅት የላቸውም። ሰዎቹ፣ ካሉ፣ ነጭ ሆነው ባዶ እጃቸውን ይቆማሉ፤ አንድ ሰው ማዳበሪያ ተሸክሞ አይታይም። መሬቱ ከፕሮጀክቱ በፊት ምን እንደነበረ የሚነግር አንድ ነገር የለም፤ ጠረጴዛ ላይ የተወለደ ነው። ማኬት ለማሳመን እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ የኔ ቅሬታ ማኬቱ ላይ መሬቱ ስለማይናገር ነው። ከአዋሽ ሐራ ገበያ ያለው መስመር በ1 ለ87 ቢሠራ አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ያንን ያህል ሐዲድ ዘርግቶ መብራቱን ሳይሰኩ መተው የጠረጴዛ ቢሆን ያስቃል። የሀገር ሲሆን ብድሩ ይከፈላል።

በሌላ በኩል ደግሞ ሐዲድ ራሱ መልክዓ ምድር ይሠራል። ድሬዳዋን ተመልከቱ። የጅቡቲው መስመር እ.ኤ.አ. በ1902 እዚያ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው፤ ባቡሩ አዲስ አበባ እስኪገባ 1917 ሆነ። በእነዚያ 15 ዓመታት ጋራዡ፣ ጥላው፣ የተሰመረው መንገድ፣ የጉምሩኩ ግርግር ሁሉ በሐዲዱ ዳር በቀለ። የዛሬውን የድሬ ሰው ከተማህን ያለ ባቡር ሞዴል ሥራ ብትሉት ምን ላይ ይጀምራል? ቆቦም ባቡሩ ደርሶላት ቢሆን ኖሮ እኔ የምሠራው ሌላ መሬት ነበር። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚጫንበት መድረክ፣ ከብት የሚነዳበት በረት፣ የማሽላ መጋዘን ይኖራል። ከቆቦ–ጊራና የመስኖ ሥራ የሚወጣው አትክልት በአይሱዙ ተጭኖ፣ በወልድያና በደሴ ዳገት አልፎ መሀል አገር ሲደርስ ግማሹ መረቅ ነው። ፉርጎዎቼ አራት ናቸው፤ “ምን ይጭናሉ?” ተብዬ ብጠየቅ መልስ አለኝ። ግን ገና መጫኛ የለም።

ስለ አሠራሩ ብዙዎቻችሁ ልትጠይቁኝ ስለምትችሉ ልናገር፤ ደግሞ ደስ የሚለኝ ክፍል ይሄ ነው።

ገበታው ላይ ነጭ ፎም ይደራረባል፤ ዕቃ ታሽጎበት የሚመጣው ዓይነት፣ ምን አለሽ ተራ በሽ ነው። በቢላ ይቀረጻል፣ በኮላ የተነከረ ጨርቅ ይለብሳል፣ ከላይ ጀሶ። አፈሩን ግን ከቆቦ ነው ያስመጣሁት። በፌስታል፣ በሰው እጅ። ያመጣልኝ ሰው በየኬላው “ይሄ ምንድን ነው?” ሲባል “አፈር” እያለ፣ “አፈር መሆኑንማ እናያለን፣ ለምንድን ነው?” ሲባል መልስ እያጣ ነው የደረሰው። በዚህ ዘመን ከሰሜን መንገድ አፈር ይዞ መምጣት ካልሺ ይዞ ከመምጣት በላይ ያስጠረጥራል።

አፈሩ በወንፊት ይነፋል፤ ከዚያ በሴት ስቶኪንግ እንደገና ይነፋል፤ የሚቀረው እንደ በርበሬ የላመ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አለ፤ ማግኔት ይዞ በላዩ መመላለስ። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፈርሶ የሠራው አፈር ብረት ስላለበት ብናኙ የሎኮሞቲቩ ሞተር ውስጥ ይገባና ያቃጥለዋል። ከአንድ ፌስታል የቆቦ አፈር ማግኔቱ ጥቁር ጺም አብቅሎ ወጣ። ከዚያ አፈሩ ይነሰነስና ውሃ በኮላ ተበጥብጦ፣ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ተጨምሮበት፣ በመርፌ ይንጠባጠብበታል። ሳሙናው ባይኖር ውሃው እንደ ሜርኩሪ እየተንከባለለ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። ሲደርቅ ጠቆር ይላል፤ ስለዚህ ነጣ ያለ ቀለም በደረቅ ብሩሽ ይታበሳል። ትንሽ ነገር ከሩቅ እንደሚታይ ነገር ነው፤ የእውነቱን ቀለም ብትሰጡት ይጨልማል።

ግራሩ ከጦስኝ ነው። የደረቀ የጦስኝ ግንድ ጠማማነቱ ራሱን የቻለ ዛፍ ነው፤ ላዩ ላይ የተፈጨ ስፖንጅ ጠፍጠፍ አድርጎ መለጠፍ፣ ጃንጥላ እንዲመስል። ለበለሱ ዱባ ፍሬ መሰል ቅጠል ከወረቀት እየቀደድኩ በቅጠል ላይ ቅጠል ለጠፍኩ፤ አንዱ ቁጥቋጦ አንድ ምሽት ይወስዳል፣ አልመክርም። ግመል ሻኛው ድረስ ሁለት ሜትር ብትሉት ሁለት ሴንቲ ሜትር ከሦስት ሚሊ ነው። ሰው ሁለት ሴንቲ ነው።

ማሽላው ግን የሥራው ሁሉ ራስ ነው። ሜዳው ማለት ማሽላ ነው። አገዳው ከስንደዶ ይሠነጠቃል፤ ቅጠሉ ከቀጭን ወረቀት። ራሱን ከምን ልሥራው ብዬ ብዙ ሞከርኩ። የማሽላ ራስ አንድ ስንዝር ገደማ ነው፣ 20 ሴንቲ ሜትር በሉት፤ ለ87 ሲካፈል ሁለት ሚሊ ሜትር ከምናምን። ሦስት ወይም አራት የጤፍ ፍሬ በኮላ አንድ ላይ ሲያያዝ ልክ ያን ያህል ነው። ማሽላ በጤፍ ተሠራ። ሰርገኛው ለቀዩ፣ ማኛው ለነጩ። እስካሁን አንድ ሺህ አራት መቶ አገዳ ተክያለሁ፤ ይህም በእውነቱ አንዲት ጠባብ ማሳ ናት።

ቁመቱን የወሰኑልኝ አጎቴ ናቸው። “ደጋሌት ነው ካልህ ሰው ይሰውራል” አሉኝ። ሦስት ሜትር፤ ሦስት ሴንቲ ተኩል ገደማ መሆኑ ነው። ጅጉርቲና ደጋሌትን የመሰሉ ረጃጅሞቹ የቆላው ማሽሎች በሚያዝያ ዝናብ ካልተዘሩ አይደርሱም። የበልጉ ዝናብ ከቀረ ገበሬው ፊቱን ወደ አጭሩና ቶሎ ደራሹ ዘር፣ ወይም ወደ ጤፍ ያዞራል። ስለዚህ ገበታው ላይ ያለው የማሽላ ቁመት ያ ዓመት ሚያዝያ ላይ ዘንቦ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ይናገራል። አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ካጠረ ሌላ ዓመት ነው።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ የመጣው። ሞዴል የሚሠራ ሰው ወርና ዓመት መምረጥ አለበት። ዝም ብሎ “ቆቦ” የሚባል ነገር የለም፤ ሣሩ አረንጓዴ ነው ወይስ ደርቋል? መኪናው የየት ዘመን ነው? ግድግዳው ላይ ምን ተጽፏል? ወሩ አልቸገረኝም። ጥቅምት ነው። ማሽላው ራሱን አጎንብሶ፣ ጤፉ ብጫ ሆኖ፣ ሰማዩ ታጥቦ። የቸገረኝ ዓመቱ ነው። የየዓመቱን ጥቅምት እየቆጠርኩ ሄድኩ።

ጥቅምት 2008፦ ኤልኒኞ ያመጣው ድርቅ። የማሽላው ቁመት እዚያ ላይ አያወላዳም፤ ገበታዬ ላይ አገዳ መትከልም አያስፈልገኝም ነበር። ጥቅምት 2009፦ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ በሳምንቱ። ጥቅምት 2013፦ አንበጣ። ያየ ያውቀዋል፤ ሊታጨድ የደረሰ ማሳ በአንድ ከሰዓት በኋላ አገዳ ብቻ ሆኖ ቀረ። በዚያው ወር በ24ኛው ቀን ሌሊት ሰሜን ዕዝ ተመታና ጦርነቱ ጀመረ። ጥቅምት 2014፦ ቆቦ በትግራይ ኃይሎች እጅ ነበረች፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2013 በከተማዋ ሰላማዊ ሰዎች ከተገደሉ ገና ሁለት ወር አልሞላም። ጥቅምት 2015፦ ነሐሴ 18 ቀን 2014 በቆቦ ግንባር ዳግም የተቀሰቀሰው ጦርነት ያን ወር ሙሉ ዘልቆ፣ በ23ኛው ቀን ፕሪቶሪያ ላይ ተፈረመ። ከዚያ በኋላ ያሉት ጥቅምቶች ደግሞ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ውስጥ የተነሣው ግጭት ውስጥ ናቸው፤ ስለነሱ በየሳምንቱ እዚሁ ገጽ ላይ ስናወራ ነው የከረምነው።

እና የትኛውን ልሥራ? ካሊፎርኒያ ውስጥ ጆን አለን የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር። በዚህ ሥራ ከእሱ በላይ የተደነቀ የለም። ቤቱ ሥር ባለው ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ ተራራ ሠርቶ ነበር። የእሱ ትምህርት አዲስ ነገር እንዳትሠሩ ነው። ዝገቱን፣ የተሰነጠቀውን እንጨት፣ የተለጠፈውን ቆርቆሮ ሥሩ ይላል፤ ጊዜ ያለፈበት ነገር ብቻ ነው የሚታመን። እ.ኤ.አ. በጥር 1973 ሞተና በአሥረኛው ቀን ሞዴሉ ተቃጠለ። ሐምቡርግ ያለው ትልቁ የዓለማችን የሞዴል ባቡር ኤግዚቢሽን ደግሞ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ሁለት መንታ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ2001 የከፈቱት ነው፤ ሁሉም ነገር በርቶ፣ ሁሉም ነገር እየተንቀሳቀሰ፣ ቀኑ በየሩብ ሰዓቱ ይመሻል ይነጋል። ያማረ ነው። እኔ ግን ወደ አለን አደላለሁ።

በአለን ደንብ ከሄድኩ የቆቦን ግድግዳ ጥይት የበሳው አድርጌ መሥራት ነበረብኝ። መርፌ ማሞቅ ብቻ ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አልሠራሁትም። አንዳንድ ወዳጆቼ “ሸሸህ” ብለውኛል። እኔ እንደሚመስለኝ ስለ ቆቦ የሚያውቅ የውጭ ሰው ሁሉ የሚያውቃት በዚያ ቀዳዳ ነው። ስሟ በዜና የሚጠራው “ከቆቦ ወደ ወልድያ” እየተባለ ስለ ጦር ግስጋሴ ሲወራ ነው። የአገዳ ክምር እንዴት እንደሚቆም፣ ጎርፍ እንዴት እንደሚጠለፍ በዜና አይመጣም። ያንን ካልሠራሁት ማን ይሠራዋል? ቀዳዳውንስ የሚመዘግብ አለ፤ አምነስቲም መዝግቧል።

ጥቅምት 2012ን መረጥኩ። ከአንበጣው አንድ ዓመት በፊት፣ ከጦርነቱ አንድ ዓመት በፊት። ማሽላው ሦስት ሴንቲ ተኩል። አጎቴንም ጠየቅኋቸው፤ “በዚያ ዓመት ጎተራው ሞልቶልን ነበር፣ ሥራው” አሉ።

እንግዲህ ጥቅምት 2012 ካልኩ ባቡር የለም። የጀመረ ያላለቀ መስመር ነው ያለው። የሞዴል ባቡር ሠሪ ሁሉ መጀመሪያ ሐዲዱን ዘርግቶ፣ ባቡሩን አስኪዶ ፈትሾ፣ ከዚያ ነው መሬቱን የሚያለብሰው፤ ኋላ ላይ ችግር ቢመጣ መሬት መቆፈር እንዳይኖርበት። እኔ ገልብጬ ሄድኩ። ሙሌቱን በልኩ ሠራሁት፤ ከፍታው፣ ስፋቱ፣ 16.5ቱ ሐዲድ የሚያርፍበት አናት ሁሉ ተለክቷል። በሥሩ ከሁለት ይልቅ አምስት መተላለፊያ አለው፤ አጎቴ በከሰል ምልክት ካደረጉባቸው ቦታዎች። ሐዲዱ ግን አልተነጠፈም። ሎኮሞቲቩ ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ላይ ነው።

በዚህ ጉዳይ በጣም የተጣላኝ የእህቴ ልጅ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። “ታዲያ የባቡር ሞዴል ለምን ትለዋለህ?” ይለኛል። ጥያቄው ልክ ነው። “ሲያልቅ ይመጣል” ስለው “መቼ ነው የሚያልቀው?” ይላል። ለዚህ መልስ የሰጠኝ አንድም የመንግሥት አካል ስለሌለ እኔም አልሰጠሁትም። ባለፈው ሳምንት እኔ ሳልኖር ሎኮሞቲቩን አውጥቶ በሙሌቱ አናት ላይ በእጁ ገፍቶታል። የጎማው፣ ማለቴ የብረት እግሩ ዱካ አፈሩ ላይ ሁለት ቀጭን መሥመር ትቶ ሄዷል። አፈር ነስንሼ ልሸፍነው አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ያለቀለት ሙሌት ባቡር እስኪመጣ ባዶ አይቀመጥም፤ እግረኛ ይሄድበታል፣ ከብት ይነዳበታል፣ ጭቃ ሲሆን ከሜዳው ይሻላልና። ስለዚህ በዱካው ላይ አምስት ግመል አስኬዳለሁ፤ ሦስቱ ተሠርተው አልቀዋል፣ ጨው ሳይሆን አገዳ የጫኑ። ልጁ ቢያንስ የሚንቀሳቀስ ነገር ይኖረዋል፤ በእጁ።

አሁን የቀረኝ ማማው ነው። ማሽላ ሲደርስ ግሪሳ ይመጣል፤ ለዚያ ማሳው መሀል በአራት እንጨት ላይ መቆሚያ ይሠራና ልጆች ከማለዳ እስከ ማታ ወንጭፍ እያስጮሁ ይጠብቃሉ። ማማውን ከጥርስ መፋቂያ እንጨት ሠርቼ አቁሜዋለሁ፤ ቁመቱ አራት ሴንቲ ነው፣ ከማሽላው ትንሽ ይበልጣል። ላዩ ላይ ሴት ልጅ ትቆማለች። አንድ ሴንቲ ሜትር ከስድስት ሚሊ፣ ክንዷ ወደ ላይ የተዘረጋ። ክንዷ ከመዳብ ሽቦ ነው። ወንጭፏ አስቸግሮኝ ነበር፤ ቀጭን የተባለው የስፌት ክር እንኳ በ87 ሲባዛ የመርከብ ገመድ ይሆናል። በመጨረሻ አንድ የእናቴን ፀጉር ዘለላ ለክቼ አየሁ። ስድስት፣ ሰባት ሚሊ ሜትር ይመጣል። ለወንጭፍ ይበቃል።